ዘጠነኛ ክፍልን እንዴት መያዝ ይቻላል? ለአዲስ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የአሠራር መመሪያ

«በስምንተኛ ክፍል ከክፍሏ ከቀዳሚዎቹ አንዷ ነበረች፤ ዘጠነኛ ስትገባ ምን ነካት?» ይህን ጥያቄ የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ካርድ በታደለ ቁጥር ከወላጆች እሰማለሁ። የማስተምረው በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ዳር፣ ከአያት ወዲያ ነው። ተማሪዎቼ ከየካ አባዶ፣ ከቦሌ አራብሳና በዙሪያው ካሉ ሰፈሮች ይመጣሉ። እነርሱም ያንኑ ጥያቄ በራሳቸው ቋንቋ ያቀርቡታል፦ «መምህር፣ አጠናለሁ፤ ውጤቱ ግን አይመጣም። ምን ላድርግ?» መልሱ በኮሪደር ላይ ቆሞ የሚያልቅ ስላልሆነ በተርታ ጽፌዋለሁ። የተጻፈው ለእናንተ ለተማሪዎቹ ነው። ወላጆችን የሚመለከተው ክፍል መጨረሻ ላይ አለ።

አስቀድማችሁ አንድ ነገር እወቁ። በ10ኛ ክፍል ይሰጥ የነበረው ብሔራዊ ፈተና ቀርቷል። የስምንተኛ ክፍልን ፈተና ካለፋችሁ በኋላ የሚጠብቃችሁ ብሔራዊ ፈተና የ12ኛ ክፍሉ ነው። በመካከሉ ባሉት ዓመታት ድክመታችሁን ቀድሞ የሚነግራችሁ የውጭ ፈተና የለም ማለት ነው። የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ሒሳብና ሳይንስ ደግሞ ዘጠነኛ ክፍል ላይ በምትማሩት ላይ ይቆማል። ስለዚህ ራሳችሁን የምትለኩበት መንገድ ከዚህ ዓመት ጀምሮ ያስፈልጋችኋል። ከታች ያሉት ደረጃዎች አብዛኞቹ ለዚሁ የተዘጋጁ ናቸው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

• ለእያንዳንዱ ትምህርት አንድ ደብተር። ትምህርቱ ከአሥር ዓይነት በላይ ስለሆነ ሁሉንም ባለ ብዙ ቅጠል አትግዙ፤ ቦርሳው ይከብዳል። ወፈር ያለው ለሒሳብ፣ ለፊዚክስ፣ ለኬሚስትሪና ለባዮሎጂ ይሁን።
• አንድ ተጨማሪ ትንሽ ደብተር ለቃላት። ኪስ የሚገባ ከሆነ ይመረጣል።
• ካሬ ደብተር፣ ማስመሪያ፣ ኮምፓስና ፕሮትራክተር።
• ሰማያዊና ቀይ እስክሪብቶ፣ እርሳስ፣ ላጲስ።
• የእንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት። ያገለገለ ቢሆንም ይሠራል።
• የፈተና ወረቀቶችን የምታስቀምጡበት አንድ ክላሰር።
• ደብተር የሚጠቀለልበት ጠንካራ ፕላስቲክ። መስከረም ላይ ዝናቡ ገና አይወጣም፤ ከአስፋልት ራቅ ባሉ ሰፈሮች ደግሞ ጭቃው እስከ ጥቅምት ይቆያል።
• የምሳ ዕቃና የውኃ መያዣ።
• በኃይል የሚሞላ መብራት፣ ከተቻለ።

ካልኩሌተር በዝርዝሩ ውስጥ ያላስገባሁት ሆን ብዬ ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ያለ ካልኩሌተር የሚሠራ ስለሆነ እጃችሁ ከአሁኑ ማባዛትና ማካፈል ይልመድ።

ደረጃ 1፦ ወረቀታችሁን አስተካክሉ

የስምንተኛ ክፍል ውጤታችሁንና የትምህርት ቤት ካርዳችሁን ከመመዝገባችሁ በፊት ፎቶ ኮፒ አድርጉ፤ ጉርድ ፎቶግራፍም አዘጋጁ። ስማችሁ፣ የአባትና የአያት ስም በሁሉም ወረቀት ላይ በአንድ ዓይነት ፊደል መጻፉን አረጋግጡ፤ የእንግሊዝኛውንም እንዲሁ። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ያለው ውጤት በትራንስክሪፕታችሁ ላይ ይሰፍራል። ዛሬ በአንድ ፊደል የተሳሳተ ስም ከአራት ዓመት በኋላ ብዙ ያመላልሳል።

ደረጃ 2፦ በመጀመሪያው ሳምንት ሰዎቹን እወቁ

በስምንተኛ ክፍል የሚያውቃችሁና «የት ቀረህ?» የሚላችሁ ሰው ነበረ። እዚህ በየ40 ደቂቃው ገደማ መምህር ይቀያየራል፤ አንዱ መምህር ብዙ ክፍሎችን ስለሚያስተምር ስማችሁን ለመያዝ ወራት ይፈጅበታል። ስለዚህ እናንተ ቀድማችሁ እወቋቸው። የክፍል ኃላፊ መምህራችሁ ማን ናቸው? የዕረፍት ሰዓታቸውስ መቼ ነው? ዩኒት ሊደሩ (የተወሰኑ ክፍሎችን የሚከታተሉት ኃላፊ) የት ይቀመጣሉ? የቤተ መጻሕፍቱ ሰዓት ከፈረቃችሁ ጋር ይገጥማል? የክፍል አለቃው ስልክ አላችሁ? እነዚህን በቃላት ደብተራችሁ የመጨረሻ ገጽ ላይ ጻፉ። ስትታመሙ ወይም ፈተና ሲያመልጣችሁ የምትሄዱት ወደ እነርሱ ነው፤ ያን ዕለት «ማንን ላናግር?» እያላችሁ ስትፈልጉ ድጋሚ ፈተና የሚሰጥበት ጊዜ ሊያልፍ ይችላል።

ደረጃ 3፦ መንገዱንና ምሳውን አስቡበት

ዳር ላይ የሚኖር ተማሪ ግማሽ ችግሩ መንገድ ነው። ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ባለው ሳምንት፣ በሥራ ቀን፣ በትክክለኛው ሰዓት አንድ ጊዜ ሄዳችሁ ሞክሩት። እሑድ የሞከራችሁት ሰዓት ሰኞ አይሠራም፤ ጠዋት ታክሲው ሁሉ ከኮንዶሚኒየሞቹ ወደ መገናኛ የሚሄዱትን ሠራተኞች ይጭናል። በሩ ከመዘጋቱ 20 ደቂቃ አስቀድሞ የሚያደርሳችሁን ሰዓት ያዙ። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ በሳምንት ሁለት ቀን ካመለጣችሁ አንድ የትምህርት ዓይነት ሳታውቁት ይጠፋችኋል። የሚያስደነግጠው ደግሞ የሚጠፋው ዘወትር ያው አንዱ መሆኑ ነው።

ስለ ምሳ፦ በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የምገባ መርሐ ግብሩ የሚሸፍነው ከቅድመ መደበኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያሉትን ነው። ዘጠነኛ ስትገቡ ይቀርባችኋል። ብዙ ቤተሰብ ይህን ልብ አይለውም። ከሰዓት በኋላ የሚያንቀላፉ ተማሪዎችን ስጠይቅ መልሱ ብዙ ጊዜ «አልበላሁም» ነው። ጠዋት እንጀራ በወጥም ይሁን ዳቦ በሻይ በልታችሁ ውጡ፤ ለዕረፍት ሰዓትም ቆሎ ወይም ዳቦ ያዙ። የምትይዙት ነገር ከሌለ ለክፍል ኃላፊ መምህራችሁ ብቻችሁን ንገሯቸው። የሚያሳፍር ነገር የለውም፤ መምህሩም ካላወቁ ሊረዷችሁ አይችሉም።

ደረጃ 4፦ የቃላት ደብተር ክፈቱ

ውጤት ለምን እንደሚወርድ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምሰጠው የመጀመሪያ መልስ ይህ ነው። ፊዚክሱም ባዮሎጂውም ኢኮኖሚክሱም በእንግሊዝኛ ነው፤ ፈተናውም እንዲሁ። ይዘቱን የሚያውቅ ተማሪ ጥያቄው ሳይገባው ይወድቃል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ገጹን በሦስት ክፈሉ፦ ቃሉ፣ የአማርኛ ትርጉሙ፣ ቃሉን ያገኛችሁበት ዓረፍተ ነገር። በቀን ከአምስት እስከ አሥር ቃል ይበቃል። ዓረፍተ ነገሩን ከመጽሐፉ እንዳለ ገልብጡ፤ ትርጉም ብቻውን ከተሸመደደ በፈተና ላይ አይታወስም።

የትኞቹን ቃላት? አብዛኞቹ ተማሪዎች የሚሰበስቡት የሳይንስ ስሞችን ነው፦ ኒውክሊየስ፣ ቬክተር፣ አቶም። እነዚህን መጽሐፉ ራሱ ያብራራቸዋል። ሰው የሚጥሉት ማንም የማያብራራቸው ትንንሽ ቃላት ናቸው፦ «ኤክሴፕት» (በስተቀር)፣ «አንለስ» (ካልሆነ በስተቀር)፣ «ሪስፔክቲቭሊ» (እንደ ቅደም ተከተላቸው)። «ከሚከተሉት ውስጥ ሁሉም የሕይወት ያላቸው ነገሮች መገለጫ ናቸው፣ ከአንዱ ኤክሴፕት» የሚል ምርጫ ሲመጣ ይህችን ቃል የዘለለ ተማሪ የመጀመሪያውን ትክክለኛ መገለጫ አክብቦ ያልፋል። ትምህርቱን ያውቃል፤ ነጥቡን ግን አያገኝም።

ሁለተኛው ረድፍ የፈተና ትእዛዞች ናቸው። «ዲፋይን» ሲል ፍቺውን ብቻ፣ «ሊስት» ሲል ዝርዝሩን ብቻ፣ «ኤክስፕሌይን» ሲል ምክንያቱን፣ «ኮምፔር» ሲል ሁለቱን ጎን ለጎን ይፈልጋል። የዕፅዋትንና የእንስሳትን ሕዋስ አወዳድሩ ሲባል አንዳንዱ ስለ ዕፅዋት ሕዋስ አራት መስመር፣ ከዚያ ስለ እንስሳት ሕዋስ ሌላ አራት መስመር ይጽፋል። ያ ማወዳደር አይደለም። «ሁለቱም ኒውክሊየስና የሕዋስ ሽፋን አላቸው፤ የዕፅዋት ሕዋስ ግን የሕዋስ ግድግዳ አለው፣ የእንስሳት ሕዋስ የለውም» ብሎ ሁለት መስመር የጻፈው የበለጠ ያገኛል።

ደብተሩን የምታነቡት በመንገድ ላይ ነው። የአውቶቡስ ሰልፍ ለዚህ ጥሩ ነው፤ ከባድ ነገር ቆሞ አይጠናም፣ አሥር ቃል ግን ይጠናል።

ደረጃ 5፦ በክፍል ውስጥ ሰሌዳውን ብቻ አትገልብጡ

ማስታወሻ መገልበጥ ሥራ የሠራችሁ ያስመስላል። መምህሩ ሲያብራሩ እስክሪብቶውን አስቀምጡና አዳምጡ፤ ከዚያ ጻፉ። ያልገባችሁ መስመር ጎን በእርሳስ የጥያቄ ምልክት አድርጉ። ምልክቱ የሚጠቅመው ማታ ከየት እንደምትጀምሩ ስለሚነግራችሁ ነው። የመጽሐፍ እጥረት ካለና ለሁለት ወይም ለሦስት የምትካፈሉ ከሆነ ማን በየትኛው ቀን ወደ ቤት እንደሚወስደው በወረቀት ጽፋችሁ ተስማሙ። የመማሪያ መጻሕፍቱ በሶፍት ኮፒም ስለሚገኙ ቤት ውስጥ ስልክ ያለው ሰው ይጫንላችሁ።

ደረጃ 6፦ የዛሬውን ዛሬ አስታውሱ

ከዚህ ሁሉ አንድ ብቻ የምትሠሩ ከሆነ ይህን ሥሩ።

ሀ. ማታ (የከሰዓት ፈረቃ ከሆናችሁ በማግስቱ ጠዋት) የአንዱን ትምህርት ደብተር ዝጉ።
ለ. ባዶ ወረቀት ላይ ዛሬ የተማራችሁትን የምታስታውሱትን ያህል 5 ደቂቃ ጻፉ። በአማርኛም ይሁን በእንግሊዝኛ፣ ሥዕልም ይሁን ቀመር።
ሐ. ደብተሩን ክፈቱና የጎደለውን በቀይ ሙሉ።
መ. ቀዩ የበዛበትን ርእስ ከመጽሐፉ አንብቡ።

ለአንድ ትምህርት 15 ደቂቃ ይበቃል፤ በቀን ስድስት ትምህርት ቢኖራችሁ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ለምን ዝጉ አልኩ? ደብተሩ ተከፍቶ ሲነበብ ሁሉም የታወቀ ይመስላል፤ ዓይን ያየውን መለየትና ከራስ አውጥቶ መጻፍ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ፈተና የሚጠይቀው ሁለተኛውን ነው። «አጠናለሁ፤ ውጤቱ ግን አይመጣም» የሚሉኝ ተማሪዎች ዘንድ ብዙ ጊዜ የማገኘው ተከፍቶ አምስት ጊዜ የተነበበ ደብተር ነው። ቅዳሜ ደግሞ የሳምንቱን ቀይ ጽሑፎች ብቻ መልሳችሁ ዝጉና ሞክሩ።

መብራት በሚጠፋበት ሰፈር የምትኖሩ ከሆነ ይህን ሥራ ለምሽት አታቆዩት፤ ከጠዋት ፈረቃ ስትመለሱ፣ ፀሐይ ሳለች ጨርሱ። ቤት ጠባብ ከሆነና ጫጫታ ካለ በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ጨርሳችሁ ውጡ። አራት ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ለቅዳሜና እሑድ ጥሩ ነው፤ ከዳር ተነስቶ በየቀኑ መመላለስ ግን ጊዜውንም ብሩንም ይበላል።

ደረጃ 7፦ ስሌትን በአምስት መስመር ሥሩ

በሒሳብና በፊዚክስ መልሱን ብቻ መጻፍ ይቅር። ለእያንዳንዱ ጥያቄ፦ የተሰጠ፣ የተጠየቀ፣ ቀመር፣ ሥራ፣ መልስ ከነአሃዱ።

ምሳሌ፦ አንድ አውቶቡስ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር በሆነ ቋሚ ፍጥነት ይሄዳል። በ15 ሰከንድ ስንት ሜትር ይጓዛል?

የተሰጠ፦ ፍጥነት በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር፤ ጊዜ 15 ሰከንድ
የተጠየቀ፦ ርቀት በሜትር
ቀመር፦ ርቀት = ፍጥነት × ጊዜ
ሥራ፦ 36 ኪሎ ሜትር 36,000 ሜትር ነው፤ አንድ ሰዓት 3,600 ሰከንድ ነው፤ ስለዚህ ፍጥነቱ በሰከንድ 10 ሜትር ነው። 10 × 15 = 150
መልስ፦ 150 ሜትር

ቸኩሎ የሚሠራ ተማሪ 36ን በ15 አባዝቶ 540 ይላል። ቀመሩን ያውቃል፤ ያጣው አሃዶቹን ማመሳሰል ነው። «የተሰጠ» የሚለውን መስመር ከነአሃዱ ከጻፈ ግን ሰዓትና ሰከንድ አንድ ላይ መቀመጣቸው ዓይኑ ላይ ይመጣል። ሌላም ጥቅም አለው፦ መልሱ ቢሳሳት እንኳ መምህሩ ለአካሄዱ ነጥብ የሚሰጡበት ነገር ያገኛሉ። የተሠራ ምሳሌ ስታጠኑም ምሳሌውን በወረቀት ሸፍናችሁ ራሳችሁ ሥሩት፣ ከዚያ አስተያዩ።

ደረጃ 8፦ በሚመለስ መልኩ ጠይቁ

«መምህር፣ አልገባኝም» ለሚል ተማሪ ምን እንደምመልስ ለማወቅ እቸገራለሁ፤ ሁሉንም ከመጀመሪያው እንዳልደግም ጊዜ የለም። «መምህር፣ ምሳሌ 2 እስከ ሦስተኛው መስመር ገብቶኛል፤ አራተኛው ላይ ምልክቱ ለምን እንደተቀየረ አልገባኝም» ላለኝ ግን በአንድ ደቂቃ እመልስለታለሁ። ጥያቄውን ጽፋችሁ፣ ደብተሩን ከፍታችሁ ኑ። በክፍል ውስጥ በእንግሊዝኛ መጠየቅ ካስፈራችሁ ከክፍለ ጊዜው በኋላ በአማርኛ ጠይቁ። ክፍሉ ቢስቅባችሁም ጠይቁ፤ ከሳቁት ውስጥ ብዙዎቹ መልሱን ይጠብቃሉ።

ደረጃ 9፦ የራሳችሁን ውጤት መዝግቡ

የቃላት ደብተሩ መካከል ላይ ሰንጠረዥ አስምሩ፦ ትምህርት፣ ቀን፣ የፈተናው ዓይነት፣ ከስንት ስንት። ውጤታችሁ ከአጫጭር ፈተናዎች፣ ከቤት ሥራ፣ ከመካከለኛና ከማጠቃለያ ፈተና ተደምሮ ከ100 ይያዛል፤ አከፋፈሉን ከእያንዳንዱ መምህር በመጀመሪያው ሳምንት ጠይቁ።

ሰንጠረዡ ሁለት ነገር ያደርጋል። አንደኛ፣ ከማጠቃለያ ፈተናው በፊት የት እንደቆማችሁ ያሳያል። ለምሳሌ እስከዚያ የተሰጠው ከ60 ቢሆንና 33 ብታገኙ፣ 50 ለመድረስ ከቀረው 40 ውስጥ 17 ያስፈልጋችኋል፤ በሌላ ትምህርት 21 ላይ ከሆናችሁ 29 ያስፈልጋችኋል። ስለዚህ የጥናት ሰዓታችሁ ወደ ሁለተኛው ይሂድ። ተማሪ ግን በተፈጥሮው የሚወደውን ያጠናል። ሁለተኛ፣ አንድ ውጤት ሳይመዘገብ ከቀረ ታውቃላችሁ። ብዙ ክፍል የሚይዝ መምህር አንድ ወረቀት ሊያልፈው ይችላል። ክላሰሩ ውስጥ ያለውን ወረቀት ይዛችሁ ሮስተር (የክፍሉ ውጤት ማጠቃለያ መዝገብ) ከመዘጋቱ በፊት በትሕትና አሳዩ፤ ካርድ ከታደለ በኋላ ማስተካከል እጅግ ከባድ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚታዩ ስሕተቶች

• ለሚወደድ ትምህርት ሁለት ሰዓት፣ ለሚፈራው ምንም። የምትፈሩትን ትምህርት መጀመሪያ፣ ጭንቅላት ሳይደክም ሥሩ።
• የታላቅ ወንድም ወይም እኅት ደብተር ላይ መተማመን። ሥርዓተ ትምህርቱ ተቀይሯል፤ የምዕራፎቹ ይዘትና ቅደም ተከተል ከአሮጌው ጋር አይገጥምም። ለተጨማሪ ጥያቄ ልምምድ እንጂ ለዋና ጥናት አትያዙት።
• በቡድን ጥናት ላይ አንዱ እየሠራ ሌላው መገልበጥ። በቡድን ከመገናኘታችሁ በፊት ሁላችሁም ለየብቻ ሞክሩ፤ የምትገናኙት ባልተስማማችሁበት ላይ ለመነጋገር ይሁን።
• የቤት ሥራን ጠዋት በር ላይ መገልበጥ። የቤት ሥራው ነጥብ ትንሽ ነው፤ የሚቀርባችሁ ግን ልምምዱ ነው።
• ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂንና የዜግነት ትምህርትን መናቅ። አማካይ ሲሠላ እንደ ፊዚክስ እኩል ይቆጠራሉ።

ማስጠንቀቂያ

በቴሌግራም «የፈተናው መልስ አለን» እያሉ ብር የሚጠይቁ አሉ። አትክፈሉ፣ ለጓደኛም አታስተላልፉ፤ ብሩ ይበላል፣ በእጃችሁ የተገኘ ወረቀት ደግሞ ያስቀጣል። ስልክ የሚከለክል ትምህርት ቤት ከሆነ ስልኩን ቤት ተዉት። ሴት ተማሪዎች ከከሰዓት ፈረቃ ሲወጡ መንገዱ ጨለማ ከሆነና ገና ያልተሠሩ ባዶ ቦታዎች ካሉበት በአንድ ሰፈር ከሚኖሩ ልጆች ጋር ተጠራርታችሁ ተመለሱ። የሚያስቸግራችሁ ሰው ካለ በዕለቱ ለቤተሰብና ለክፍል ኃላፊ መምህር ተናገሩ። ከዚህ ዓመት ጀምሮ «ሱስ አይሆንብኝም» እያሉ ጫትና ሲጋራ የሚያቀርቡ ጓደኞችም ይመጣሉ፤ በር ላይ ቆሞ መዋል የሚጀምረው ከዚያ ነውና ከትምህርት በኋላ በር ላይ አትቁሙ።

ለወላጆች

ትምህርቱን ባታውቁትም መርዳት ትችላላችሁ። ማታ «አጠናህ?» አትበሉ፤ መልሱ ሁልጊዜ «አዎ» ነው። «በቀይ የሞላኸውን ወረቀት አሳየኝ» በሉ። ቢያንስ አንድ ሰዓት ተኩል ከውኃ መቅዳትና ከሱቅ መላላክ ነፃ አድርጉላቸው፤ ለሴት ልጆች ይህ በተለይ ይታሰብበት፤ ወንድሟ ሲያጠና እርሷ ዕቃ የምታጥብበት ቤት ብዙ ነው። ካርድ እስኪታደል ሳትጠብቁ በኅዳር አንድ ጊዜ መጥታችሁ የክፍል ኃላፊውን አነጋግሩ። በዚያን ጊዜ የአጫጭር ፈተናዎች ውጤት አለ፤ ለማስተካከልም ከማጠቃለያ ፈተናው በፊት ሳምንታት ይቀራሉ። ስትመጡ ልጁ የመዘገበውን ሰንጠረዥ ይዛችሁ ኑ፤ ንግግሩ ከእርሱ ላይ ይጀመራል።